የጀሚላ ዓርቦች በሳህሌ ዲስክ ላይ

ባለቤቴ ሳህሌ ቃል የሚያወጣው እንደ ዓይን መድኃኒት ነው፤ ቆጥሮ፣ ጠብ እያደረገ። እኔ ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከታማሚ ጋር ሳወራ ውዬ ቤት ስገባም አፌ አያርፍም። አሥራ አራት ዓመት ሳንጣላ የኖርነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይሰማል፤ ሲበዛበት «እሺ ሩሒ» ይለኛል። ሩሐማ ብሎ ስሜን ሙሉውን የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

የሚሠራው የአንድ ምግብ አከፋፋይ ድርጅት ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። ዶሃ በአርባ አምስት ዲግሪ ስትነድ እሱ ሹራብ ለብሶ ይውላል። በሐምሌ ወር ጠዋት ጠዋት ሹራቡን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ የሚያዩት የሙንተዛህ ሰፈር ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ላይ ጤንነቱን ተጠራጥረው ነበር። አንዷማ ነርስ መሆኔን ስለምታውቅ በጨዋ ደንብ ጠይቃኛለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነው» ብያት ሄድኩ።

በተጋባን በአምስተኛው ዓመት ድርጅቱ አንድ አሮጌ ሰርቨር ሊጥል ሆነ። ሳህሌ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቆ፣ ማህተም አስመትቶ፣ በታክሲ ጭኖ ቤት አመጣው። ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲገባ የልብስ ማጠቢያ የገዛልኝ መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጠፍጣፋ፣ ረጅም፣ ከባድ ብረት ሆኖ አገኘሁት። ከኩሽናው ጎን ያለችውን የዕቃ ክፍል ወርሶ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ያጓራል። ማጠቢያውን የገዛሁት በራሴ ደመወዝ ነው።

ምን እንደሚሠራ ሊያስረዳኝ ሞክሯል። ብረቱ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ። እንደምንኖርበት ሕንጻ ማለት ነው፤ ግድግዳው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ውስጡ ግን የሱዳኑም፣ የህንዱም፣ የእኛም ቤት ለየብቻ። ከእነዚህ የማይጨበጡ ኮምፒውተሮች አንዷ የቤታችንን ፎቶ ትይዛለች። ሌላዋ እሱ አዲስ ነገር እየሞከረ የሚያበላሽባት ናት። ሦስተኛዋ የጀሚላ ናት። የሁሉም ንብረት የሚቀመጠው ደግሞ በሁለት መንትያ ዲስኮች ላይ ነው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ ማለት ነው።

ጀሚላን ወደዚህ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ። አል ነስር ሰፈር ከምትሠራበት ቤት የማዳሟን እናት በጋሪ ወንበር እየገፋች የምሠራበት ክሊኒክ ትመጣ ነበር፤ አሮጊቷ እግራቸው ቆስሎ። ቁስሉን ሳጥብ አሮጊቷ ይጮሃሉ፤ ጀሚላ በዓረብኛ ታባብላቸዋለች፤ በመሃል ለራሷ በአማርኛ «አይዞኝ» ትላለች። ያቺን «አይዞኝ» ስሰማ አገሯን ጠየቅኳት። ከኮምቦልቻ ትንሽ ወጣ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ ማዳሟ ስትለቃት፣ እኛ ቤት መዋል ጀመረች።

አንድ ዓርብ ግን ዓይኗ አብጦ መጣች። ስልኳ የወለል መወልወያው ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ስልክ ለሞተበት ሰው የማይለቀስ ልቅሶ ስታለቅስ አየሁና ነገሩን አወጣጣኋት።

ሴት ልጇን ሲሀምን በሁለት ዓመቷ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ስትደውል ልጅቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ዝም ትላለች። «ልጄ ስልክ ላይ ቃል ይጠፋታል» አለችኝ ጀሚላ። «ወላሂ እኔም ይጠፋኛል። በላሽ? ጠጣሽ? ከዚያ ሁለታችንም ዝም።» ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። በየዓርቡ ብቻዋን ቁጭ ብላ፣ ልጇ አጠገቧ ያለች ያህል፣ ስልኳ ላይ ድምጿን ትቀዳለች። ጸጉር አሠራር ትነግራታለች፤ ተረት ታወራላታለች፤ ከክፉ ጓደኛ ራቂ ትላታለች። አንዳንዴም ልጅቱ ያላጠፋችውን ጥፋት ጠርጥራ ትቆጣታለች። አትልክላትም። ሥራዋን ጨርሳ የገባች ዕለት ሁሉንም አንድ ላይ በእጇ ልትሰጣት ነው። የስምንት ወር ንግግሯ ነበር ባልዲው ውስጥ የሰመጠው።

ሳህሌ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይቀመጣል» አለ። በዚያ ዓመት ካወጣቸው ቃላት ውስጥ ይህቺ ትልቋ ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ በኋላ ጀሚላ ቀድታ ስትጨርስ ስልኳ ራሱ ወደ ሳህሌ ብረት ይልካል፤ ደርሶ ሲመዘገብ ከስልኳ ይጠፋል። የማዳም ልጆች ስልኳን እያነሱ ስለሚጫወቱበት እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ሳህሌ እያንዳንዱን በቀኑ ሰይሞ ያስቀምጣል፤ በእኛው አቆጣጠር፣ ሚያዝያ ይህን ያህል፣ ሰኔ ያን ያህል እያለ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንዱንም ከፍቶ ሰምቶ አያውቅም። አንዴ፣ ስሕተት የሌለበት መሆኑን ለማወቅ እንኳ ትንሽ ስማው እንጂ ብለው «የሰው ደብዳቤ ነው» ብሎ ዘጋኝ። እኔ ብሆን ኖሮ ሁሉንም በቃሌ ይዤ ነበር፤ ለዚህ ነው ቁልፉ እኔ ጋ ያልሆነው።

ዘንድሮ ጀሚላ ዘጠኝ ዓመቷን ጨርሳ ለመጨረሻ ጊዜ ልትገባ ሆነ። ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አስዘግታ፣ ቲኬቷን ለቅዳሜ ቀን አስቆረጠች። ዓርብ መጥታ ንግግሮቿን በትንሽ ዲስክ ላይ ልትወስድ ከሳህሌ ጋር ተቀጣጠሩ። ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት ዓርብ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳህሌ ስልኩን አይቶ ሻዩን አስቀመጠ። ከመንትያዎቹ ዲስኮች አንዱ መሞቱን ብረቱ ራሱ መልእክት ልኮለታል።

«ሌላው አለ አላልክም?» አልኩት።

«አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?»

ዝም አለ። ዝምታውን መፍታት የእኔ ሥራ ስለሆነ ጠየቅኩ፣ ጠየቅኩና አወጣሁት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አሁን ብረቱ አንድ ዓይን ብቻ ነው የቀረው። ያም የቀረው ዲስክ የሟቹ እኩያ ነው፤ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዛ። ቢሆንም ለዚህ ቀን ተብሎ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ሦስተኛ ዲስክ ነበረን። በየወሩ የጀሚላን ንግግር ይገለብጥበታል። እሱስ የት አለ?

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ልናገር። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ኢልያስ የሚባል ወዳጅ አለን፤ ደግ ሰው ነው፤ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። ከአራት ወር በፊት የወንድሙን የሠርግ ቪዲዮ አዲስ አበባ ለቤተሰብ በመንገደኛ ሊልክ ዲስክ ፈለገ። ሳህሌ «የለኝም» ማለት ውሸት ሆነበት። «አለኝ፤ ግን አልሰጥህም» ማለት ደግሞ ነውር ሆነበት። ስለዚህ በላዩ ያለውን አጥፍቶ ሰጠው። አዲስ እገዛለሁ ብሎ አሰበ፤ ማሰቡ ይኸው አራት ወር ፈጀ። ይህን ሲነግረኝ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ወረፋ ይዘው የሚጠብቁ ታማሚዎች ፊት የምናገረውን ያህል ተናገርኩት። «እሺ ሩሒ» አለኝ።

ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ሁለት አዳዲስ ዲስክ ገዝቶ መጣ። በሹራቡ ጠቅልሎ፣ ሜትሮ ውስጥ ጭኑ ላይ ይዟቸው ነው የመጣው። ጀሚላ እስካሁን ምንም አታውቅም፤ ነገ ልትቀበል ስለሆነ ደስ ብሏት ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዕቃ ክፍሏን በር ከፈትን። እኔ የእጅ ባትሪ እንድይዝ ታዘዝኩ። ሳህሌ ለዚህ ሥራ ሕግ አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ላሉት ልጆች ሁሉ የሚያስተምረው ሕግ። ዲስክ ከመንቀልህ በፊት ቁጥሩን አንብብ። እያንዳንዱ ዲስክ ሰውነቱ ላይ የታተመ ቁጥር አለው፤ ግን ብረቱ ውስጥ እንደ መሳቢያ ስለሚገባ ሳይወጣ አይነበብም። ስለዚህ የእያንዳንዱን የመጨረሻ አራት ቁጥር እኔ ከክሊኒክ ባመጣሁለት ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ፣ ከየመሳቢያው በላይ በብረቱ ግንባር ላይ ለጥፎ ነበር። የተበላሸውን የሚያሳየው መብራት ብረቱ ቤታችን ከመምጣቱ በፊት የሞተ ስለሆነ ያለው ምልክት ፕላስተሩ ብቻ ነው።

ከብረቱ ጋር በተያያዘው ስክሪን ላይ የሟቹን ቁጥር አነበበ። ፕላስተሩን አነበበ። ደግሞ አነበበ። የግራው ነው። ጣቱን አስገብቶ የግራውን መሳቢያ ሳበው።

ማጓራቱ አልቆመም፤ ስክሪኑ ግን በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። የቤታችን ፎቶም፣ የጀሚላም፣ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። ሳህሌ በእጁ የያዘውን ዲስክ ገልብጦ ቁጥሩን አየ። የነቀለው ደህነኛውን ነው።

«ሩሐማ» አለ።

ሙሉ ስሜን ስሰማ ባትሪውን ወደ ፊቱ አዞርኩት።

«ይህን ነገር ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን ትዝ አለኝ።

«አቧራውን ጠርጌዋለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ለፋሲካ።»

«ለየትኛው ፋሲካ?»

«ለአባትህ ተዝካር አገር ቤት የሄድክ ጊዜ ለነበረው።»

በዓል ሲመጣ ቤት ይገላበጣል፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ መብራት ሊቋረጥ ነው ተብሎ ሳህሌ ከአዲስ አበባ በስልክ እየመራኝ ብረቱን አጥፍቼው ነበር። ጠፍቶ ሳገኘው እጄን ማን ይያዘው? መጋረጃ አጥቤ፣ ምንጣፍ አራግፌ፣ የምድጃውን ጀርባ ሳይቀር ፈትጌ ይህ አቧራ የለበሰ ብረት እንዴት ይቀራል? ሁለቱን መሳቢያዎች አውጥቼ በጨርቅ ወለወልኳቸው። መልኬን እስካይባቸው ድረስ። ስመልሳቸው የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አስገብቻቸው ኖሯል። ብረቱ ሲበራ ምንም አላለም፤ ለእሱ የትም ቢገቡ ዲስኮቹን ያውቃቸዋል። ፕላስተሩን የሚያነበው ሳህሌ ብቻ ነው። እኔም ቤቴን አጽድቼ የፋሲካን ዶሮ በልቼ ተኛሁ።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። ዲስኩን በሁለት እጁ እንደያዘ በርጩማ ላይ ቁጭ አለና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መሳቢያው ላይ መለጠፍ ነበረብኝ» አለ። ሰውዬው እንዲህ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሌላ ሰው ጥፋት ላይ ድምጹን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ወደድኩትም፣ ተናደድኩበትም።

ዲስኩን በቀስታ መለሰው። አንድ ትእዛዝ ጻፈ፤ ጠበቅን፤ ቀዩ ጽሑፍ ሄደ። ፎቶአችንም ጀሚላም ነፍስ ዘሩ። ከዚያ እውነተኛውን ሟች ከቀኝ ነቅሎ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እኔም ከስክሪኑ ጋር አመሳከርኩ። አዲሱን አስገባ። ብረቱ ከደህነኛው ዲስክ ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመረ። አምስት ሰዓት ይፈጃል አለ። ደህነኛው አምስቱን ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት መነበብ አለበት። ፈተናው እዚያ ላይ ነው።

ጀሚላ ከጁምዓ በኋላ በአዲስ ቀሚስ መጣች። ሳህሌ ነገሩን ሊደብቃት ፈልጎ ነበር፤ ይሉኝታው ተነሳበት። እኔ ግን ደጅ ላይ ነገርኳት። የበሽተኛ ቤተሰብ ከሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ሲቆም አውቃለሁ፤ የሚገድለው አለማወቁ ነው። ሰማችኝና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ የዕቃ ክፍሏ በር ላይ ቁጭ አለች። ምሳ አቀረብኩ፤ አልበላችም። ስክሪኑ ላይ መቶኛውን እያየች፣ ስልሳ ሁለት ሲል «አልሐምዱሊላህ»፣ ስልሳ ሦስት ሲል «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሳህሌ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ አብሯት ያያል። ሁለቱ ዝምተኞች ተገናኙ። እኔ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጠብኩ።

ስምንት ሰዓት አካባቢ መቶ ሞላ። ጀሚላ እልል አለች፤ እኔም ተቀበልኳት። ሳህሌ ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ታችኛው መስመር ላይ አንድ የፋይል ስም ወጥቷል። ከደህነኛው ዲስክ አንድ ቦታ መነበብ አልቻለም፤ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው አንድ ፋይል ብቻ ነው።

ሟቹን ዲስክ አንስቶ በሌላ ገመድ ሞከረው። ምናልባት ያቺ አንዷ እሱ ላይ ብትኖር ብሎ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ብሎ ዝም አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ወደ ጀሚላ ዞረ።

«ሦስት መቶ ዘጠና አምስቱ ደህና ናቸው» አለ። «አንዷ ጠፍታለች። ቅጂ ነበረኝ፣ ሰጥቼዋለሁ። መመርመር ነበረብኝ፣ አልመረመርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ዲስኮቹን ያቀያየርኩበት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጀሚላ እኛን አልሰማችንም። «የትኛዋ ናት?» አለች።

«ሚያዝያ አሥራ አምስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት።»

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከሦስት መቶ ዘጠና ስድስት ቀን አንዱን በቀኑ ታስታውሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«የኮሮናው ረመዳን ነው» አለች። «እዚህ መምጣት አልተቻለም፤ በማዳም ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የቀዳሁት። ሁለት ጊዜ ቀድቼ አጠፋሁ፤ ሦስተኛውን ላኩት።»

ከዚያ ነገረችን። ሲሀምን በሁለት ዓመቷ ጥላት ስትመጣ ልጅቱ ተኝታ ነበር፤ ስትነቃ ገበያ ሄዳለች በሏት ብላ ወጣች። «ያኔ ሕፃን ናት፤ ይሁን» አለች። «በአምስት ዓመቷ ለሁለት ወር ሄድኩ። እናቴን ነበር እማ የምትላት፤ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ሁለቱ ወር ሊያልቅብኝ ሲል ግን ለመደችኝ፤ እግሬ ላይ ትተኛ ጀመር። የምመለስ ቀን ከእግሬ ላይ አንስቼ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት፤ ያንኑ ገበያ በሏት ብዬ ሄድኩ። ሁለተኛም ዋሸኋት። ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ስትጠይቅ ነበር አለችኝ እናቴ። ያቺ ዓርብ ይቅርታ የጠየቅኳት ናት።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እኔ የማውቀው መጽናኛ ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ፋሲካ፣ የእኔ ንጽሕና ይህን አመጣ ብዬ አለቀስኩ። ሳህሌ ቦታው ቀድሞም ተበላሽቶ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ መንቀሉ ላይሆን ይችላል አለኝ፤ እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እንደገና ቅጂው» አላት። «ጊዜ አለ። አሁን ተቀመጪና ቅጂው፤ እኔ በቀኑ አስገባዋለሁ።»

ጀሚላ ስልኳን ይዛ ዕቃ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። ሳህሌና እኔ ሳሎን ተቀምጠን የምንሰማው የብረቱን ማጓራት ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች።

«አልቀዳሁም» አለች።

«እንጠብቅሻለን፣ አትቸኩዪ» አልኳት።

«ኸላስ፣ ተይው ሩሐማ።» ቁጭ አለች። «ጋሽ ሳህሌ፣ እውነቱን ልንገርህ? ያሰብኩት ምን ነበር መሰለህ፤ ዲስኩን ሰጥቻት እሷ ጓዳ ገብታ ስትሰማ እኔ ጎረቤት ልሄድ ነበር። ይህችን ስትሰማ ፊቷን ላላይ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተዘጋጀሁት ለመሸሽ ነው። እዚያ ውስጥ ስልኩን አፌ ላይ ይዤ ምን ትዝ አለኝ፤ ነገ ማታ እኮ እሷ ካለችበት ነኝ። ነገ ማታ ላያት ዛሬ ለስልክ ላውራ?»

«አልፈራሽም?» አላት ሳህሌ። የማያስፈልግ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

«እፈራለሁ። ግን እኔው እነግራታለሁ፣ ዓይኗን እያየሁ።»

ሳህሌ ራሱን ነቀነቀ። ተነስቶ የቀሩትን ሦስት መቶ ዘጠና አምስት ዓርቦች በሁለት ትናንሽ ዲስኮች ላይ ገለበጠላት፤ እያንዳንዱን በየግሉ አሽጎ «አንዱ በእጅ ቦርሳ፣ አንዱ በሻንጣ» ብሎ ሰጣት። ያን ቀን ምሽቱ ሳይገባ እንጀራዋን በላች፤ ያቀረብኩትን ሁሉ ጨረሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። ኢልያስ በሥራ ልብሱ መጥቶ ሻንጣዋን በኪሎ እያስተካከለ ረዳት፤ ብርድ ልብሱን ከዚህ ወደዚያ፣ ሽቶውን ከዚያ ወደዚህ። ሲጨርስ ሳህሌን ጠጋ ብሎ፣ የሠርጉ መልስ ቪዲዮም ስለደረሰ ሌላ ዲስክ ካለው ብሎ ጠየቀው። ሁለተኛው አዲስ ዲስክ ቤት የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

«አለኝ» አለ ሳህሌ። «ግን አልሰጥህም።»

ኢልያስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳህሌ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ኮርቼበት አላውቅም።

ጀሚላ በሩ ላይ አቅፋኝ ለረጅም ጊዜ ቆየች። የሳህሌን እጅ ስማ፣ እሱም ደንግጦ የእሷን ስሞ፣ «ደረቅ ቦታ አስቀምጪው» አላት። ያላ፣ ፍጠኚ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል ብዬ ገፋኋት፤ እንባዬን እንዳታይ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ድምጿ ጠፋ። እኔ እደውላለሁ፣ ስልኳ አይሠራም። ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ሳጥብ የማስበው ያቺን በር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነው። ሳህሌ ምንም አይልም፤ ግን ከሥራ ሲመለስ ሹራቡን ሳያስቀምጥ «ደወለች?» ይለኛል። መሳቢያዎቹን አውጥቶ ቁጥራቸውን እዚያው ላያቸው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፈ፤ በየወሩ መጀመሪያ ሁለቱ ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር እንዲመረመሩም አደረገ። የእኔን የጽዳት ጨርቅ ደግሞ ከዕቃ ክፍሏ አውጥቶ መታጠቢያ ቤት ሰቀለው። ስለዚያ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ዓርብ ከሰዓት ምሳ ላይ እያለን የድምጽ መልእክት መጣ። ስልኩን ሳህኖቹ መሃል አድርጌ ከፈትኩት።

«ሩሐማ፣ ጋሽ ሳህሌ፣ ደህና ናችሁ? ሲም እስካወጣ ነው፣ አትቀየሙኝ። ነገርኳት። በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣችኝ፤ ምን ያላለችኝ አለ! ሦስት ቀን ስትቆጣኝ ከረመች፤ ተቀምጬ ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ይኸው አፏ አልተዘጋም። ትምህርት ቤቱን፣ ጓደኛዋን፣ የአስተማሪዋን ጠባይ፣ ማታ ተኚ ብላት እንኳ አንድ የቀረኝ አለ ትለኛለች። እኔ ነኝ የምሰማው። ዲስኮቹ ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ደረቅ ቦታ ነው ጋሽ ሳህሌ። ገና አልከፈትናቸውም። ወላሂ ጊዜ አጣን።»

ሰምቼ ሳልጨርስ ለቅሶዬ መጣ። ስምንት ዓመት የተጠበቀ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ የታደገ፣ በእኔ ጨርቅ ሊጠፋ የነበረ ድምጽ፣ እነሱ ጊዜ አጥተው ሣጥን ውስጥ ዘግተውበታል። «ያ ሁሉ ድካም!» አልኩት እየሳቅኩም እያለቀስኩም።

ሳህሌ መልእክቱን ከመጀመሪያው መልሶ ከፈተው። የሰው ደብዳቤ አይደለም፤ ለእሱም ነው የተላከው። እስከ መጨረሻው ሰማና ሁለት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

«ምነው እንዲሁ እያወሩ ጭራሽ ባይከፍቱት» አለ።